120 ሲደመር 85

ማታ ነው። አይሱዙው ከአስፋልቱ ዳር ቆሟል፣ ልጆቹ ሙዙን በትከሻቸው እያመላለሱ ይጭናሉ፣ አጎቴ ሚዛኑ አጠገብ ቆሞ በእጅ ባትሪ ቁጥሩን ያያል። ሁለት ጊዜ ተመዘነ። መጀመሪያ 120 ኪሎ፣ ቀጥሎ 85። ሁለቱንም ቁጥር ሁለት ወር ሙሉ በደከምኩባት ገጽ ላይ አስገባሁና ስልኬን ሰጠሁት። «ጠቅላላ ኪሎ» ከሚለው ጽሑፍ ፊት ለፊት 12085 ይላል።

«ልጄ፣ ይህ የማን ኪሎ ነው?» አለኝ። መልስ አልጠበቀም። ከደረት ኪሱ ደብተሩን አውጥቶ በእስክሪብቶ 205 ብሎ ጻፈ።

እዚህ ላንቴ የሚመዘን ሙዝ ጉዞው ረጅም ነው። ከሶዶ ወደ አርባ ምንጭ በሚወስደው መንገድ ላይ ነን፤ በምሥራቅ አባያ ሐይቅ፣ በምዕራብ የጨንቻና የዶርዜ ደጋ። ከዚያ ደጋ የሚወርደው የሐሬ ወንዝ ማሳውን ያጠጣል፣ ሙዙ ደግሞ በሌሊት ተጭኖ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ አዲስ አበባ ይደርሳል። በዚህ መሀል ስንት ኪሎ ተጫነ፣ ማን ስንት ተከፈለ፣ ማን ጋር ስንት ዱቤ ቀረ የሚለው በደብተርና በቃል ነው የሚያዘው። ደብተሩ ይረጥባል፣ ይጠፋል፣ ከነጋዴው ደብተር ጋር ይጣላል። ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ ሠርቼ መስጠት ፈለግሁ። ትልቅ ምኞት አይደለም። የተማርኩትም ይህንኑ ነው።

12085 ከየት መጣ? ብራውዘር ላይ በፎርም የሚሞላ ነገር፣ ቁጥርም ቢሆን፣ ለጃቫስክሪፕት የሚደርሰው እንደ ጽሑፍ ነው። ጃቫስክሪፕት ደግሞ በሁለት ጽሑፎች መካከል የመደመር ምልክት ሲያገኝ አይደምርም፣ ይቀጥላል። «120» ላይ «85»ን ቀጠለልኝ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ፒኤችፒ ያንኑ ምልክት፣ በእነዚያው ቁጥሮች መካከል ሲያገኝ ግን ይደምራል፤ መቀጠል ሲፈልግ የሚጠቀመው ነጥብ ነው። እኔ ቀመሩን መጀመሪያ የጻፍኩት በፒኤችፒ ነበር። 205 ሲል አይቻለሁ። ኋላ ግን ኔትወርክ በሌለበት ሰዓትም ድምሩ ይታይ ብዬ ወደ ብራውዘሩ አዛወርኩት። ምልክቱ ያው፣ ቁጥሮቹም ያው፤ ትርጉሙ ግን ከሰርቨር ወደ ስልክ ሲሻገር ተለወጠ።

ይህን ማንም አላስተማረኝም ብል እዋሻለሁ። ሁለቱንም ተምሬያለሁ። ጃቫስክሪፕቱን በአንድ ሴሚስተር፣ ፒኤችፒውን በሌላው። እሮሮዬም የሚጀምረው ከዚህ ነው።

የተማርኩት ከላንቴ ርቄ ነው፤ ተቋሙን መጥራት አያስፈልግም፣ ከሌላ ቦታ የተመረቁ ጓደኞቼም የሚያወሩት ያንኑ ነው። አንዱ ኮርስ ላይ ኤችቲኤምኤል፣ ሲኤስኤስ፣ ጃቫስክሪፕት። ቁልፉን ስትጫን ቀለም የሚቀይር ሳጥን ትሠራለህ፤ የሒሳብ ማሽን ትሠራለህ፤ «እንኳን ደህና መጣህ» የሚል መስኮት ብቅ ታደርጋለህ። የሠራኸው ነገር የትም አይሄድም። ገጹን ዘግተህ ስትከፍት የለም። ቀጣዩ ኮርስ ላይ ሌላ መምህር፣ ሌላ መጽሐፍ፤ ፒኤችፒና ዳታቤዝ። እዚህ ደግሞ መዝገብ አስገባ፣ መዝገብ አውጣ፣ መዝገብ ሰርዝ ነው፤ ቁልፉ በተጫነ ቁጥር ገጹ በሙሉ ነጭ ሆኖ እንደ አዲስ ይከፈታል። አንዲት መስመር ጃቫስክሪፕት የለችበትም። ያለፈው ሴሚስተር እንዳልነበረ ይሆናል።

ከዚያ የመመረቂያ ፕሮጀክት ይመጣል። በአንድ ጊዜ ሁለቱም አብረው እንዲሠሩ ይጠበቃል። ማን አሳየን? የክፍሉ ልጆች ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች በፍላሽ የመጣ ፕሮጀክት ከፍተው፣ ርዕሱንና አርማውን ቀይረው፣ የማያውቁትን መሀሉን ሳይነኩ ያስረክባሉ። አልወቅሳቸውም። ያ መሀል የማን እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም። የጃቫስክሪፕቱን መምህር ስትጠይቅ «እሱ የሰርቨር ጉዳይ ነው» ይልሃል፤ የፒኤችፒውን ስትጠይቅ «እሱ የብራውዘር ጉዳይ ነው»። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና ማለፍ ግዴታ ሆኗል፤ እሱም የምርጫ ጥያቄ ነው። አንድ ቁጥር ከሰው ጣት ተነስቶ ዳታቤዝ ገብቶ ሲመለስ ምን ምን እንደሚያገኘው በሀ፣ ለ፣ ሐ እና መ እንዴት ይጠየቃል?

ስትመረቅ ደግሞ የሥራ ማስታወቂያው «ፉልስታክ» ይላል። ሁለቱንም የሚችል ማለት ነው። ለየብቻ አስተምረው አንድ ላይ ይፈልጉናል።

በጣም የሚገርመኝ ሁለቱ ቋንቋዎች የአንድ ዘመን ልጆች መሆናቸው ነው። ብሬንዳን አይክ ኔትስኬፕ በሚባለው የብራውዘር ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ጃቫስክሪፕትን እ.ኤ.አ. በግንቦት 1995 በ10 ቀን ሠራው። ራስመስ ሌርዶርፍ ለራሱ ገጽ ሲገለገልባቸው የነበሩትን የፒኤችፒ መሣሪያዎች ለሰው ሁሉ የለቀቃቸው በዚያው ዓመት በሰኔ ነው። በሳምንታት ልዩነት ማለት ነው። አንዱ ብራውዘር ውስጥ፣ ሌላው ሰርቨር ላይ፣ አንዱ የሌላውን ቋንቋ ሳያይ አደጉ። ገጹ ሳይዘጋና ሳይከፈት ብራውዘሩ ከጀርባ ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት መንገድ ማይክሮሶፍት ብራውዘር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. ከ2000 በፊት ነው፤ ጄሲ ጄምስ ጋሬት «አጃክስ» የሚል ስም ያወጣለት እ.ኤ.አ. በየካቲት 2005። እንግዲህ ያ መሀል ስም ካገኘ ሃያ ዓመት አልፎታል። እኔ የተማርኩበት የኮርስ ወረቀት ላይ አንድ መስመር ነበር፤ ለዚያውም የመጨረሻው ሳምንት ላይ፣ ጊዜ ስለሌለ የሚዘለለው።

ያን የተዘለለ ሳምንት እዚህ ላንቴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ስከፍል ከረምኩ።

የመጀመሪያው ክፍያ ሁለት ሌሊት ነው። ፎርሙ ኪሎውን ከስልክ ይልካል፣ ሰርቨሩ «ደረሰኝ» ይላል፣ ዳታቤዙ ላይ ግን ባዶ መስመር ይመዘገባል። ኤረር የለም። ቀይ ጽሑፍ የለም። ቢኖር እንኳ ደስ ባለኝ፤ ስህተቱን የሚናገር ኮድ የዋህ ነው። ብራውዘሩ በኩል ያለውን አየሁት፣ ቁጥሮቹ አሉ። ሰርቨሩ በኩል ያለውን አየሁት፣ ባዶ ነው። ምክንያቱን ያገኘሁት በሦስተኛው ቀን ነው፦ ጃቫስክሪፕቱ የላከው ጄሰን በሚባለው የመረጃ አጻጻፍ አጣጥፎ ነበር፤ ፒኤችፒ ደግሞ ፎርም የሚቀበልበት «ፖስት» የሚባለው ሳጥኑ ውስጥ የሚያስገባው በተለመደው የፎርም አጣጣፍ የመጣለትን ብቻ ነው። ጄሰን ሲመጣለት ሳጥኑን ባዶ ትቶ ደብዳቤውን በር ላይ ያስቀምጠዋል፤ አንተ ሄደህ ከበሩ አንስተህ ራስህ መፍታት አለብህ። የጃቫስክሪፕት ትምህርት «በጄሰን ላክ» ይላል፣ ትክክል ነው። የፒኤችፒ ትምህርት «ከፖስት ተቀበል» ይላል፣ እሱም ትክክል ነው። ሁለት ትክክል ተገናኝተው ባዶ መስመር ወለዱ። ይህንን ያላለፈ ጀማሪ አላውቅም፤ ያለፈውም ሁሉ ለብቻው፣ በሌሊት፣ ራሱን እየጠረጠረ ነው ያለፈው።

ቀጥሎ የዱቤው ነገር መጣ። ፎርሙ ላይ «ቀሪ ዱቤ» የሚል ቦታ አለ። አንዲት እናት ሙዛቸውን አስመዝግበው ዱቤ የለባቸውምና 0 ተሞላ። ብራውዘሩ «ተሞልቷል» ብሎ አሳለፈ። ሰርቨሩ «እባክዎ ቀሪ ዱቤ ይሙሉ» ብሎ መለሰ። እንደገና 0። እንደገና «እባክዎ ይሙሉ»። እናቲቱ «አንቺ ማሽን ዱቤ ካልገባሁ አታምኚኝም እንዴ?» አሉ፣ እኔ መልስ አልነበረኝም። ለጃቫስክሪፕት በጽሑፍ የመጣ «0» ያለ ነገር ነው፤ ለፒኤችፒ ያው «0» ባዶ ነው። ዕዳ የሌለበትን ሰው ከመዝገቡ ውጪ የሚያስቀር ልዩነት! ይህ ደግሞ በየትኛው ክፍለ ጊዜ ይነገራል? የብራውዘሩ መምህር ዜሮን አስተምሯል። የሰርቨሩም አስተምሯል።

የፊደላችን ነገር ከሁሉ የከፋ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ግዕዝ ፊደል ለዓለም ፊደላት መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ማይኤስኪውኤል የሚባለው ዳታቤዝ ግን እስከ እ.ኤ.አ. 2018 ድረስ፣ እስከ ስምንተኛው ዕትሙ፣ ካልነገሩት በቀር ፊደል ሲባል የሚገባው የላቲን ነበር። ስለዚህ ሀገር ሙሉ ተማሪ የሠራው ፕሮጀክት ውስጥ የአማርኛ ስም አስገብቶ የጥያቄ ምልክት ሰልፍ አወጣ። አበበም የጥያቄ ምልክት፣ አልማዝም የጥያቄ ምልክት። የሰው ስም ነው እኮ። ብዙው ልጅ መፍትሔ ያደረገው ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ነው፤ ዛሬ የሚሠሩ የስንት መሥሪያ ቤት ፎርሞች ስማችንን በላቲን ካልሆነ አይቀበሉም፣ ምክንያቱ ግማሹ ይኸው ይመስለኛል።

እሺ፣ ዳታቤዙን አስተካከልኩ። ከሰርቨር ወደ ብራውዘር ሲመለስ ደግሞ «ላንቴ» የሚለው የቀበሌ ስም ቁጥር ሆኖ መጣ። ን 1295 ሆናለች፣ ቴ 1274። ፒኤችፒ ጄሰን ሲያጣጥፍ፣ ተው ካላልከው በቀር፣ ከእንግሊዝኛ ፊደል ውጪ ያለውን ሁሉ ወደ መለያ ቁጥሩ ይለውጣል። ብራውዘሩ ሲፈታው መልሶ ፊደል ያደርገዋል፤ እኔ ግን ሳልፈታ ዓይኔ ላይ አይቼው ተበላሸ ብዬ ጤነኛውን ዳታቤዝ ለአንድ ቀን ስነካካ ዋልኩ።

የስም ርዝመቱስ? «ስም ከ20 ፊደል አይብለጥ» የሚል ልክ በሁለቱም በኩል አስቀመጥኩ፣ በትምህርቱ እንደተባለው፦ ብራውዘሩ ቶሎ እንዲነግር፣ ሰርቨሩ ደግሞ እንዳይታለል። ወልደሚካኤል የሚል ስም ተሞላ። ብራውዘሩ ቆጠረ፦ 7 ፊደል። ያልፋል። ሰርቨሩ ቆጠረ፦ 21። አያልፍም። ለምን? የፒኤችፒ የተለመደው ቆጣሪ ፊደል አይደለም የሚቆጥረው፣ ባይት ነው፤ አንዷ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ትይዛለች። ለእንግሊዝኛ ስም ሁለቱ ቆጣሪዎች አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚሰጡ ልዩነቱ ለእነሱ አይታይም። ለኛ ግን ወልደሚካኤል ሰባት መሆኑንና ሃያ አንድ መሆኑን አንድ ላፕቶፕ ላይ ሁለት ፕሮግራም ይከራከራሉ። ፊደል የሚቆጥር ሌላ ቆጣሪ አለው፣ ስሙ የሚለየው በፊቱ በተጨመሩ ሁለት ፊደሎችና በአንድ ሰረዝ ብቻ ነው። ይህቺን ለማወቅ የፈጀብኝን ሰዓት ብደምረው እርሻ ይኮተኮትበታል።

ይህ የኛ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መጽሐፍ አይጽፈውም፣ አይደርስበትማ። ሊጽፈው የሚገባው በግዕዝ ፊደል ለሚያነብ ተማሪ የሚያስተምር ሰው ነው። እስካሁን የምንማረው ሌላ ሀገር ያለ ሰው ለሌላ ሀገር ሰው ያዘጋጀውን ነው፤ የምሳሌው ስም ሁሉ ጆን ነው፣ ጆንም አራት ፊደልና አራት ባይት ነው።

ሰዓቱን ደግሞ ልንገራችሁ። መኪናው የሚጫነው ማታና ሌሊት ነው ብያለሁ። በኛ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ የተመዘነ ሙዝ፣ ሰርቨሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት ስለሚሠራና ከኛ ሦስት ሰዓት ወደኋላ ስለሆነ፣ በትናንትናው ቀን ይመዘገባል። ስልኩ ዛሬ ይላል፣ ሰርቨሩ ትናንት ይላል። ነጋዴውና ገበሬው በቀን ሒሳብ ሲጣሉ ኖረው አሁን ማሽኑም ከማሽኑ ጋር ተጣላ። ወሩንም እንዲሁ፦ ጃቫስክሪፕት ወር ሲቆጥር ከዜሮ ይጀምራል፣ ፒኤችፒ ከአንድ። መስከረም 1 ቀን ስልኩን «ስንተኛ ወር ነው?» ብትለው 8 ይልሃል፣ ሰርቨሩን ብትጠይቀው 9፤ አጎቴን ብትጠይቀው 1። ስለ ጳጉሜን አላነሳም። አሥራ ሦስተኛ ወር ያለው ሰው ወር መምረጫ ሳጥን ሲሠራ ከሁለቱም ወገን የሚያግዘው ልማድ የለም።

ይህ ሁሉ እንግዲህ መብራት ካለ ነው።

ላፕቶፔ ባትሪው ከሞተ ቆይቷል፤ ከሶኬት ላይ ነው የሚኖረው። ደጋው ላይ ደመና ሲከብድ ልቤ አብሮ ይከብዳል። መብራት ድንገት ሲሄድ ላፕቶፑ ይጠፋል፤ ሲመለስ ሰርቨሩንና ዳታቤዙን ላፕቶፑ ላይ የሚያስነሳውን ዛምፕን እከፍታለሁ፤ ዳታቤዙ «ባልታሰበ ሁኔታ ተዘግቷል» ብሎ አልነሳም ይላል። ያንን መልእክት ያላየ የኢትዮጵያ ፒኤችፒ ተማሪ ካለ ጄኔሬተር ያለው ቤት ያደገ ነው። ስንቱ ልጅ ዛምፕን አጥፍቶ እንደገና ጫነና የሠራውን ሠንጠረዥ ሁሉ አብሮ አጣ። እኔም አጥቻለሁ፤ የሦስት ሳምንት የሙዝ ሚዛን። አጎቴ ደብተሩ ላይ ስለጻፈው ነው መልሼ ያስገባሁት።

ለሰዓቱ ተብላ እናትቦርዱ ላይ ያለችው ትንሿ ባትሪም ስትሞት ላፕቶፑ በተነሳ ቁጥር ራሱን ዓመታት ወደኋላ ይመልሳል። ከዚያ ብራውዘሩ ምንም ገጽ አይከፍትም፤ «ግንኙነትህ አስተማማኝ አይደለም» ይላል። የደኅንነት ሰርተፊኬቱ ገና ያልተሰጠበት ዓመት ላይ ነኝ ብሎ ስለሚያምን ነው። ጀማሪ ይህን እንዴት ይጠርጥር? ኔትወርኩን ይሳደባል፣ ካርድ ይሞላል።

ካርድ ሲባል፣ ትምህርቶቹ ሁሉ የተጻፉት ኢንተርኔት እንደ አየር ነው ብሎ ለሚያምን ሰው ነው። ቡትስትራፕን ከኢንተርኔት ጥራ፣ ፎንቱን ከኢንተርኔት ጥራ፣ ጄኩዌሪን ከኢንተርኔት ጥራ ይላል። ኔትወርኩ ሲሄድ በገዛ ላፕቶፕህ ላይ ያለው ገጽ ራቁቱን ይቀራል፤ ቁልፉ አይሠራም፣ ሠንጠረዡ ይበተናል። ፋይሎቹን አንድ ጊዜ አውርዶ አጠገብ ማስቀመጥ እንደሚቻል የመጀመሪያው ቀን መነገር ነበረበት። አዲሶቹ መሣሪያዎች ደግሞ አንዲት «ሰላም» የምትል ገጽ ለመክፈት በመቶ የሚቆጠሩ ጥቅሎች ያወርዳሉ። በስልክ ሆትስፖት፣ በቀን ፓኬጅ። ግማሽ ላይ ይቋረጥና እንደገና። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ ላይ ኢንተርኔት በሀገሪቱ ለሦስት ሳምንት ያህል ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ የነበረ ተማሪ ያስታውሳል፤ አስቀድሞ ያወረደው ፋይል ብቻ ነበር ትምህርቱ።

ሁሉንም አልፈህ ገጹ ሲሠራ ደግሞ ሰው እንዲያየው ሰርቨር መከራየት አለ። «በነጻ ነው» የሚለውም ብዙ ጊዜ የዶላር ካርድ ቁጥር ይጠይቃል። የተለመደውን የኛን የባንክ ካርድ አያውቀውም። ውጭ ሀገር ያለ ዘመድ ይለመናል፤ ዘመድ የሌለው ሥራው ላፕቶፑ ውስጥ ያረጃል።

ከሁለቱ ወገን መሀል የቆመውን ጠባቂም አልረሳሁም። ገጹን እንደማንኛውም ፋይል ሁለቴ ተጭነህ ከከፈትከው ብራውዘሩ የሰርቨሩን መልስ አላሳይህም ይላል። ሁለቱም እዚያው ላፕቶፕ ውስጥ ናቸው፤ ግን አድራሻቸው ስለተለያየ እንደ ባዕድ ይቆጥራቸዋል። ምክንያቱ ጥሩ ነው፦ አንድ ተንኮለኛ ገጽ ሌላ ቦታ የከፈትከውን የባንክ ገጽ እንዳያነብ ነው። ጥሩነቱን ያወቅሁት ግን ችግሩን ካለፍኩ ቆይቼ ነው፤ ያኔ ከኢንተርኔት ያገኘሁትን አንድ መስመር ቀድቼ በሩን ለዓለም ሁሉ ከፍቼው አልፌያለሁ። የማያስተምሩት ነገር በስርቆት ይገባል፤ በስርቆት የገባ ደግሞ መቆለፊያውን ሰብሮ ነው።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ከተባበሩት አረብ ኤምሬቶች ጋር ተጀምሯል። እዚህ ላንቴም አርባ ምንጭም በስልኩ የሚማር ልጅ አውቃለሁ፣ ደስ ይለኛል። ግን አንድ ቀን ከመሠረቱ አልፎ ለአባቱ የሙዝ መዝገብ ልሥራ ሲል እዚያው መሀል ላይ ይደርሳል። ያ 12085 እሱንም ይጠብቀዋል። ለዚህ ነው ዝም ማለት ያቃተኝ።

የምፈልገው ከባድ ነገር አይደለም። አርባ ምንጭ በ1979 ዓ.ም. የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የተከፈተባት፣ ኋላም ዩኒቨርሲቲ የሆነባት ከተማ ናት። እዚህ አካባቢ ውሃን ከመጥለፊያው ለይቶ፣ ቦዩን ከማሳው ለይቶ የሚያስተምር ሰው ማንም አይሰማውም። የሐሬን ውሃ የሚያጠጣ ገበሬ ከወንዙ የት እንደተጠለፈ፣ በየትኛው ቦይ እንደመጣ፣ የማን ተራ እንደሆነ፣ የት እንደሚሰርግ፣ ትርፉ ወዴት እንደሚወርድ ይነግርሃል። ውሃው ካልደረሰ ሙዙ ጋ ቆሞ አይጨቃጨቅም፤ ቦዩን ተከትሎ ወደ ላይ ይሄዳል። እኛንም እንዲሁ ያስተምሩን። አንድ ቁጥር ይዘው፣ 85ን ይዘው፣ ከጣት እስከ ዳታቤዝ ከዚያም ተመልሶ እስከ ስክሪን በአንድ ክፍለ ጊዜ ያስከትሉን። እዚህ ጽሑፍ ነበር፣ እዚህ ጄሰን ሆነ፣ እዚህ ተፈታ፣ እዚህ ቁጥር ሆነ፣ እዚህ ተመዘገበ። የት የት እንደሚሰርግ ያሳዩን። አንድ ከሰዓት በቂ ነው። እኔን ሁለት ወር ፈጀብኝ።

ዛሬ ማታም መኪና ይመጣል ተብሏል። ጽሑፉን ወደ ቁጥር የሚለውጠውን ቃል ሁለቱም ሳጥን ላይ ጨምሬያለሁ፤ በወረቀት ላይ ሞክሬዋለሁ፣ 205 ይመጣል። ላፕቶፑ ላይ ግን አልሞከርኩትም። መብራት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ የለም፣ ጨንቻ በኩል ደመናው ጠቁሯል፣ አጎቴም ደብተሩን ይዞ ወደ አስፋልቱ ወርዷል።